ዳጉ የቀደመው መምህር

መምህር ውብሸት የአዋሽን ሙቀት ለምዶታል፤ ያልለመደው የገዛ ቀኝ እጁን ነው። በዚያ እጅ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች የማለፊያ ውጤት ሞልቷል። ጠዋት ተነሥቶ በዚያው እጅ ሊያማትብ ሲል ያቅለሸልሸዋል። ከሰኔ ወዲህ ማማተቡንም ትቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ጠርቶ ዘንድሮ አንድም ተማሪ እንዳይወድቅ፣ የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጠፋ አለ። መምህራኑ ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደወተፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውብሸት ተጸየፋቸው። ወዲያው እሱም ነቀነቀ፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አስጠላው። ሲመረቅ ማስተማር አገልግሎቴ ነው፣ ለእግዚአብሔር የምሰጠው ሌላ የለኝም ብሎ የተሳለ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ውሻም አያሸተውም።

ስለዚህ ሰመራ የቢሮ ሥራ ሲገኝለት ዓይኑን አላሸም። ዓርብ ዕለት የቅጥር ውሉን እዚያው ፈርሞ ጠመኔን እስከ ወዲያኛው ሊሰናበት በሚኒባስ ተሳፈረ።

መንገድ ላይ ባለችው አዳይቱ ለሻይ ወረዱ። ብርጭቆው እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ዝንቡ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ናፍጣና ፍየል አንድ ላይ ይሸታል። እዚያ መሀመድአሚንን አገኘው፤ የተማሪው የሀምዳ አባት ነው። ልጅቱ የምትማረው አዋሽ አጎቷ ቤት ተቀምጣ ነው። እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ዳጉ ጀመሩ። አፋር ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይለዋወጣል፤ በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም።

ውብሸት ደንቡን ያውቃል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ከአዋሽ ወዲህ ስለተገለበጠው ተሳቢ ተናገረ። አባትየው ሁሉንም በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ ጠየቀ።

«የሀምዳስ ወሬ? ስምንተኛ ገባች አሉኝ።»

«ጎበዝ ናት» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ለስንቱ ወላጅ ብሏታል። አሁን ግን ዋጣት። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያላፈረው ሰውዬ እዚህ ዝንብ መሀል አፈረ።

«ገብታለች። ግን ማንበብ አትችልም» አለ። «ያሳለፍኳትም እኔ ነኝ።»

መሀመድአሚን አልተቆጣም፤ ቢሰድበው በተሻለው ነበር። ያስተማራት ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ውብሸት እኔው ነኝ አለ። ሌሎቹ ልጆችስ ሲለው አብዛኞቹ እንደሷ መሆናቸውን ነገረው። ሽማግሌው አመስግኖ ተነሣና ስልኩን አወጣ። ዳጉ ድሮ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ዛሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

ውብሸት ሰመራ ሲደርስ ላብና አቧራ ተለጥፎበት፣ ፈርሞ ከመገላገል ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። የቢሮው ጥበቃ ሙሐመድሰዒድ ፈተሸውና ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ከአዋሽ፣ መምህር ነኝ ሲለው እጁን ያዘ፤ ያንኑ ቀኝ እጁን።

«የመሀመድአሚን ልጅ ማንበብ አትችልም ያልከው አንተ ነህ?»

ውብሸት ፊቱ እየነደደ ነኝ አለ፤ ስድቡንም ጠበቀ።

«የኔም ልጅ ጀማሉዲን አዋሽ ዘመድ ቤት ተቀምጦ አንተ ጋ ነው የሚማረው። ሁሉም ጎበዝ ነው ይሉኛል። ያነባል?»

ጀማሉዲን ስሙን ብቻ ነው መጻፍ የሚችለው። ውብሸት ይህንኑ ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሰውዬው እጁን አልለቀቀም።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው።

ውብሸት ቀና ብሎ ፎቁን አየ። ፎቅ ላይ ወንበሩ ከነማራገቢያው ይጠብቀዋል። ልጆቹ ሰኞ ክፍል ይገባሉ። እጁን አስለቅቆ፣ ሳይፈርም ዞሮ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ሚኒባሱ ሲነሣ አማተበ። እጁ አሁንም አስጠልቶታል። ግን ሰኞ ለሀምዳና ለጀማሉዲን ፊደሉን እንደገና የሚጽፍላቸው ያው እጅ ነው፤ ሌላ የለውም።