የአርፋጁ ፍሬን

ታላቅ ወንድሜን የውድድር ሜዳ ሰዎች «አርፋጁ» ይሉታል። ለቀጠሮ አርፍዶ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ኩርባ ሲመጣ ፍሬን የሚይዘው ከሁሉም በኋላ ስለሆነ ነው። «ሰው ፈርቶ ሲጨርስ እሱ መፍራት ይጀምራል» ይላሉ።

እኔ ታናሹ ነኝ፤ መካኒክ። ሃያ ዓመት መኪናውን ከእኔ በቀር ማንም ነክቶለት አያውቅም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከሜዳ በተመለሰ ቁጥር፣ የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ፍሬኑ ለሰለሰ» ይለኝ ጀመር። «ትራስ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። መልስ አይሰጠኝም።» የፍሬን ሸራውን ቀየርኩ። ያንኑ ይዞ መጣ። ዘይቱን ቀየርኩ። አሁንም ያው። ሞተሩን አጠንክረን ፍሬኑን እንደ ፋብሪካው ስለተውነው ይሆናል ብዬ በዚህ ሳምንት ሁሉንም ነቀልኩት። ሰፋፊ ዲስክ አስገባሁ፣ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ በሽቦ የተጠለፈ ቱቦ፤ ዘይቱም ቶሎ የማይፈላ። ለቅዳሜው ውድድር መድረስ ነበረበት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ቤት ባለው ጋራዥ፣ የቀረን አየር ማስወጣት ነበር። ቱቦ ሲቀየር አየር ይገባል፤ አየር ያለበት ፍሬን እውነትም ይለሰልሳል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መሪው ፊት ተቀምጦ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ይረግጥና አጥብቆ ይይዛል። ሌላው ጎማው በወለቀበት ተንበርክኮ ትንሿን ብሎን ሲከፍታት ዘይቱ አየሩን እየገፋ ይወጣል። «ልቀቅ» ሳይባል መልቀቅ የለም። ሁለቱ ሰዎች አይተያዩም፤ የሚሠሩት በድምፅ ነው። ከወጣትነታችን ጀምሮ እሱ «ይዣለሁ» ካለ ይዟል።

የኋላዎቹን ሁለቱን ጨርሰን ወደ ፊት ቀኝ ዞርኩ።

«ርገጥ!»

«ይዣለሁ! ቶሎ በል እንጂ፣ እዚሁ ሸበትኩ።»

«የሸበትከውማ ዱሮ ነው።»

ብሎኗን ከፈትኳት። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

«ያዝ እንጂ ወንድም ጋሼ!»

«ይዣለሁ እኮ! ብሎን ነው የምትፈታው ወይስ ህልም?»

ዘጋሁና እንደገና አስረገጥኩት። ደብ፣ ደብ፣ ደብ። ፔዳል እንዲህ አይልም። ተነስቼ በተከፈተው በር አጎነበስኩ።

ቀኝ ጫማው ከፔዳሉ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ነበር። ባለ በሌለ ኃይሉ ወለሉን ረግጧል። ጭኑ ተወጥሯል፤ ግንባሩ አልቦታል። ፔዳሉ ከላይ ለብቻው ተንጠልጥሏል።

«ይዣለሁ» አለኝ ፊት ለፊት እያየ።

ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ። በቀደም አንድ ነጠላ ጫማው ደረጃው ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ ሳያውቅ ሳሎን ድረስ ሲገባ ሆዳችንን ይዘን ስቀንበታል። እሱም አብሮን ስቋል።

«ወንድም ጋሼ፣ እግርህን እየው።»

አየ። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ቆይቶ አየ። ከዚያ ጉልበቱን በሁለት እጁ አንስቶ ጫማውን ፔዳሉ ላይ አኖረው፤ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንደሚያኖሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ግራው ቀድሞ ነው የደነዘዘው። ቀኙ ሄድ መለስ ይልብኝ ነበር።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙማ አትንዳ ነው የሚለው። እኔ ፍሬኑ ነው አልኩ። ፍሬኑ ቢሆን አንተ ትሠራው ነበራ።»

ዓመት ሙሉ ደህናውን ብረት ስፈታ ስገጥም ከርሜ፣ እግሩን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

«በል እንጨርስ» አለና ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተንበረከከ። ፔዳሉን በመዳፉ ገፋው። «ይዣለሁ።» ተመልሼ ብሎኗን ስከፍታት ዘይቱ አረፋ እየተፋ ወረደ። የቀረውንም ጎማ እንዲሁ በእጁ ጨረስን። በመጨረሻ አንዴ ተጫነውና፣ «ድንጋይ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አለኝ።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ለሜዳው ኃላፊ ደውልለት። ቅዳሜ የለሁም በለው።»

«ምን ሆነ ልበለው?»

«ፍሬኑ አልደረሰም በል። እግሬን እንዳታነሳ። እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም።»

ደወልኩ። የሰውዬው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር።

«አልደረሰም? ሳምንት ሙሉ ምን ስትጎለጉል ነበር? እሱ እኮ አንተን ብሎ ሌላ መካኒክ አላስጠጋም!»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለሚቀጥለውስ?»

ወንድሜን አየሁት። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ለሚቀጥለውም አይደርስም። ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆኗል።»

«ታዲያ ለሚችል ሰው ስጠው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

«ስምህን አጠፋሁት» አለ ወንድሜ።

«ይጥፋ።»

ጎማዎቹን መልሼ አሰርኩ፤ መኪናዋንም ከክሪክ አወረድኳት። ወደ ውጭ ላወጣት ስገባ እግሬ ፔዳሉ ላይ አልደርስ አለኝና ሳላስበው በእሱ ቁመት ልክ የነበረውን ወንበር ወደ ፊት ሳብኩት። ቀና ስል በመስኮቱ እያየኝ ነው። ደንግጬ ወንበሩን ልመልሰው እጄን ሰደድኩ።

«ተወው» አለኝ። «እዚያው ይሁን።»