ጥንታዊ ሰፈራ

እስከዳር አቴና ድረስ ሄዳ የጥንት ግሪክና ሮምን ሥልጣኔ አጥንታ የተመለሰች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአቶ ጌጡ የገብስ ማሳ ዳር ባስቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከተቃጠለ የድንጋይ ግድግዳ ሥር የአንድ እንስራ አንገት ብቅ ብሏል። ሸክላው የዚህ አገር አይደለም፤ ወይን ጠጅ ተሞልቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» ነው እንግዲህ! ከዚህ የጠነከረ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የተማረችውን ትጠራጠራለች፤ መመለሷንም ከአውሮፕላን ከወረደችበት ቀን ጀምሮ ትጠራጠራለች። ያንን እንስራ ሙሉውን አውጥታ እስክታይ ግን እንቅልፍ የላትም።

ክረምቱ ሳይገባ ለማውጣት የባላገሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው «ምርምራችንን ለሕዝብ እናድርስ» የሚል ሸራ አጽፎ፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛውን ምስክርን ከድምፅ ማጉያ ጋር ላከላት። ሸራውን ነፋሱ ይማታበታል። ጉድጓዱን ከብቦ የተቀመጠው ሰው የበግ ጠጉር ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ያያታል።

«ይህ ቦታ» አለች እስከዳር ማጉያውን ይዛ፣ «ጥንታዊ ሰፈራ ነው።»

የተቀመጠው ሰው ተነቃነቀ።

«ምንድን ነው ያለችው?» አሉ የአቶ ጌጡ ባለቤት፣ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«ሰፈራ። ሰፋሪዎቹ ቤታቸውን በድንጋይ ሠርተው...»

«ሰፋሪ! ሰማችሁ? ሰፋሪ አለችን!»

እስከዳር ሰው የኖረበት ቦታ ማለቷ ነበር። በባዕድ ቋንቋ የተማረችውን ቃል ወደ አማርኛ ስትመልሰው ያገኘችው ይህንኑ ነው። በዚህ አገር ግን ሰፈራ ማለት በደርግ ጊዜ ሰውን በጭነት መኪና ጭኖ ቆላ ያወረደ፣ ስንቱን ለወባ የሰጠ ነገር ነው። ሰፋሪም ርስት የሌለው፣ ነገ ተነሣ ቢሉት የሚመልሰው የሌለው ሰው ነው።

አቶ ጌጡ ብድግ አሉ። «ወንድሜ በሰፈራ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። አንቺ ደግሞ እኔን ልታስነሺ መጣሽ?»

«ኧረ አይደለም፣ አባባ! እናንተን አይደለም። ከእናንተ በፊት የነበሩትን ነው።»

«ከእኛ በፊት?»

ምስክር ወደ ጆሯ ጠጋ አለ። «ቃሉን ለውጪው። አቅኚ በያቸው።»

አቅኚ መሬቱን መጀመሪያ ያቀና አባት ነው፤ የተከበረ ቃል ነው። እስከዳር መውጫ ያገኘች መስሏት በማጉያው ጮኸች። «አቅኚዎች ነበሩ! አቅኚዎች!»

ጉርምርምታው ቀጥ አለ።

«እንግዲያው» አሉ አቶ ጌጡ ረጋ ብለው፣ «አቅኚ ካለ ተወላጅ አለው። ተወላጅ ካለ መሬቴን ይካፈለኛል። ማነው እሱ?»

«ማን ሊሆን ነው?» ወይዘሮ ጌታነሽ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «ትናንት ‹አያቴ የዚህ አገር ሰው ናቸው› ስትል አልነበረም? እኛ ሞኞቹ ዘመድ መጣችልን ብለን በሶ በጥብጠን አጠጣናት! ይቺ ርስት ቆፋሪ ናት፤ ገል ለቃሚ እንዳትመስላችሁ!»

«እማማ፣ እኔ መሬት ምን ያደርግልኛል? ገብስና ስንዴ እንኳ ለይቼ አላውቅም!»

«ታዲያ ለእኩል አራሽ ትሰጫለሻ!»

ሳቅ ሆነ፤ ክፉ ሳቅ። አቶ ጌጡ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ዝም አሰኙት።

«ይሁን። ‹ከአባቶቻችሁ በፊት እዚህ ማንም አልኖረም› ብለሽ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገሪ። ከዚያ እስከ ክረምት ቆፍሪ፤ የሚነካሽ የለም።»

ምስክር በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «በያቸው እንጂ! ማን ሊጽፈው ነው? ነገ እንስራሽን ታወጫለሽ።»

እውነቱን ነው፤ ቀላል ነገር ነበር። እስከዳር የማትጠራጠረው ነገር የላትም፤ የእንስራውን ዕድሜ፣ የተነሣበትን ወደብ፣ ግድግዳውን ያቃጠለውን ሁሉ ትጠራጠራለች። ግድግዳው ሥር ግን ምድጃ አለ። አመዱን በእጇ ዘግናዋለች። ያንን እሳት ያነደደ ሰው አልነበረም ልትል ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች፤ አፏ እምቢ አለ።

«ኖረዋል» አለች።

«ድፈኑት» አሉ አቶ ጌጡ።

አካፋው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ኖሯል። እስከዳር ላስቲክ ይዛ ሮጠች። «ቆዩ! እንስራውን ይህን ላልብሰው፣ ከዚያ ትደፍኑታላችሁ!»

«የወሰን ምልክት ልትቀብሪብን!» ወይዘሮ ጌታነሽ ላስቲኩን ነጠቋት።

የመጀመሪያው አፈር ግድግዳው ላይ ወረደ፤ የላይኛው ድንጋይ ተንዶ እንስራው አጠገብ ወደቀ። እስከዳር ዘልላ ገባች። ሹራቧን አውልቃ የእንስራውን አንገት ጠቀለለችበትና ላዩ ላይ ተደፋች። ጓል ትከሻዋን መታት። ቀና ብላ ስታይ ከላይ አካፋውን ያቆመ አንድም ሰው የለም።

«ውጪ» አሉ አቶ ጌጡ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «አካፋ ሰው አይለይም።»

አልወጣችም። ቀጣዩ አፈር በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ፤ ሌላውም ተከተለ። እግሯ ከጉልበት በታች ሲቀበር ምስክር ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጣት፤ ያዘችውና ወጣች።

ሹራቧ እዚያው ቀረ። ነፋሱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ እስከዳር በስስ ሸሚዟ እየተንቀጠቀጠች ከዳር ቆመች። ጉድጓዱ እስኪሞላ ሂጂ ያላት አልነበረም፤ ባናውን ያካፈላትም አልነበረም።