የጓድ ሊቀመንበሩ ምሳ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። አንቺም ያንን ድስት አውርጂውና ተቀመጪ፤ ምድጃው የትም አይሄድም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት እናት ቁጣ ነው። ቁጣ ኃጢአት ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይሁን፤ ይችን ግን ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ባሕር ዳር፣ በሰባ ሰባቱ ክረምት ነው። ሴትዮዋ የሻሽወርቅ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ከቢያዝን ጋር ከወደቡ ከፍ ብሎ ባለው ሠፈር፣ በአንዲት ክፍል ቤት ትኖር ነበር። ቢያዝን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣውን እንጨትና ቡና በትከሻው እያወረደ እናቱን ይጦር ነበር። ኩንታል ተሸክሞ ከጀልባው ወደ ምድር በተዘረጋው ሳንቃ ላይ ሲወርድ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል እንጂ እሱ አይንቀጠቀጥም ይሉት ነበር የወደብ ሰዎች።

በዚያ ዘመን እህል እንደ ልብ አይገዛም። ገበሬው ጭኖ እንዳይገባ በየመንገዱ ኬላ አለ። ዱርቤቴ ያለችው እህቷ አንድ ቁና ሽምብራ ብትልክላት እንኳ ኬላው ላይ ተወርሶ ቀርቷል። የከተማው ሰው የሚበላውን የሚያገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነው፤ ካርዱን ይዞ፣ ተሰልፎ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አስናቀ የሱቁን ቁልፍም በኪሱ የያዘ ሰው ነበር። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰላምታው እንደ ትእዛዝ የሚጮህ።

ክረምቱ እንደገባ ሱቁ ጥሬ እህል መሸጥ አቆመና የተፈጨ ሽሮ ብቻ ማደል ጀመረ። ጓድ አስናቀ በድምፅ ማጉያ፣ «እናቶች! ከእንግዲህ ከሰፌድና ከወፍጮ ቤት ወረፋ ነፃ ወጥታችኋል! አተሩን አብዮቱ ለቅሞ ፈጭቶላችኋል!» ሲል ሴቶቹ አጨበጨቡ። የሻሽወርቅም አጨበጨበች። ይህን በኋላ ባስታወሰች ቁጥር መዳፎቿን እንደ ቆሸሸ ነገር በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

እንግዲህ ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን እንዲሁ ገፉት። ጧት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ጎረምሳ ነው፣ ሸክም ተሸካሚ ነው ብላ ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች ለልጇ ታበዛለታለች። «ጨምር እንጂ፣ ይኸ ሁሉ ትከሻ በምን ይቆማል?» ትለዋለች። እሱም ይጨምራል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቢያዝን ከነኩንታሉ ከሳንቃው ላይ ወደቀ። የወደብ ሰዎች፣ «ጠላው በጧት ነው እንዴ ዛሬ?» ብለው ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ግን ከመኝታው ሲነሣ እግሮቹ እንደ ደረቀ እንጨት ተገተሩ። ሲራመድ በጣቱ ጫፍ ነው፤ ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጋጨ።

ጎረቤቷ የብርጓል የይፋግ ሰው ናት። ምላሷ ስለታም፣ ልቧ ለጋስ። ልጁ ውሃ ሊቀዳ ግቢውን ሲያቋርጥ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አንቺ የሻሽ፣ ይኸ አረማመድ ያገሬ ነው። ይኸን ልጅ ጓያ ነው የሰበረው።»

«ምላስሽን ቁረጪው! ጓያ ከቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

«ማሳው ውስጥ አልፎ ይሆናላ። ጤዛው ነክቶት ይሆናል። ወይ የሆነ ቤት ሲቀቀል እንፋሎቱ መትቶት ይሆናል።»

ጓያን የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ድርቅ የማይበግረው ጥራጥሬ ነው። አተሩም ሽምብራውም ሲጠፋ እሱ ይበቅላል። ጥቂቱ ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ ለወራት እሱኑ ሲመገብ የከረመ ሰው ግን እግሩ ይታሰራል። ያን ጊዜ የእኛ አገር ሰው ክፋቱ ያለው በእንፋሎቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ድስቱ ሲፈላ በር ይከፈታል፣ ልጆች ወደ ውጭ ይባረራሉ። ሲበስል ደግሞ ተጠርተው ይበሉታል። ተመልከቱ እንግዲህ። የሻሽወርቅም ቢያዝን ሕፃን ሳለ ከአንድ ቤት የጓያ ሽታ ቢሸታት አፍንጫውን በሻሿ ሸፍና እየሮጠች አምልጣለች። ያን ሩጫዋን ስትኮራበት ኖራለች።

ልጇን ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። የተቀበለቻቸው ጤና ረዳት ሙሉነሽ ትባላለች፤ ከናዝሬት ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። በትንሽ መዶሻ ጉልበቱን ነካ ብታደርገው እግሩ ተስፈንጥሮ ወንበሩን መታው። ሙሉነሽ ፊቷን አጨለመች።

«እናቴ፣ ምንድነው የምትበሉት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሰው የሚበላውን ነዋ! ንጹሕ ሽሮ፤ ከቀበሌ የተሰጠንን።»

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

ሙሉነሽ በሩን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በዚህ ወር እንዲህ የሆኑ አራት ልጆች ቆጠርኩ። አራቱም የእናንተ ቀበሌ ናቸው።»

የሻሽወርቅ ቤቷ ደርሳ የዱቄቱን ቅል አምጥታ የብርጓል ፊት አስቀመጠችው። የብርጓል በጣቷ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች፤ ቆየች፤ ተፋችው።

«ይኸ አተር ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ።»

በማግስቱ የሻሽወርቅ ዱቄቱን ይዛ ወደ ሙሉነሽ ተመለሰች። «እንፋሎት አላስነካሁትም። አንድ ቀን እንኳ አላስነካሁትም» አለች፤ ደጋግማ።

«እንፋሎቱ ምንም አያደርግም እናቴ» አለቻት ሙሉነሽ እጇን ይዛ። «የሚጎዳው የሚበላው ነው።»

«ይድናል?»

«የሄደው አይመለስም፤ አልዋሽዎትም። ዛሬ ካቆመ ግን ባለበት ይቆማል፣ በምርኩዝ ይራመዳል። ከቀጠለ ይድሃል።»

የሻሽወርቅ የሐይቁን ዳር ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መንገዱን አላየም። ከእንፋሎት አሽሽቼ በገዛ እጄ አጎረስሁት፤ «ጨምር» አልሁት። ይኸ ቃል ደረቷ ውስጥ እንደ ረመጥ ተቀመጠ። ከውሃው ላይ ታንኳዎች አሳ ጭነው ሲመጡ አየች። ደጃችን ላይ ሐይቁ አሳ እያፈራ፣ ጓሯችን ጎመን እያበቀለ፣ እኛ ለመርዝ ተሰለፍን! ያን ቀን የባሏን ካፖርት በአሳና በተልባ ለወጠች። ግን ካፖርቱ አንድ ነው፤ አሳውም የሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የሚበላው ያው ከሱቁ ነው የሚመጣው። ሱቁ ካልተለወጠ ልጇ ይድሃል።

በማግስቱ ሰልፉን ጥሳ ጓድ አስናቀ ፊት ቆመች።

«ሽሮው ጓያ ነው!»

«ማን አለሽ?» አለ ሳይነሣ። «እንዲህ ያለ አሉባልታ የሚነዛ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ፀረ ሕዝብ ነው የሚባለው። ለሱ ደግሞ ሰፊ ቤት አለን።» ከዚያ ሰልፉን አየና ፈገግ አለ። «ደግሞስ ትንሽ ጓያ ቢገባበትስ? የጓያ ክፋቱ በእንፋሎቱ ነው። ዱቄት እንፋሎት አለው እንዴ እናቶች?»

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው» አለች አንዷ። የሻሽወርቅ ዞራ አየቻቸው። የሚያውቁት እሷ እስከ ትናንት የምታውቀውን ነው። ብትጮህ የምትጮኸው በራሷ ላይ ነው። አፏን ዘግታ ሄደች፤ ጥርሷ ግን ሲፋጭ ይሰማ ነበር ይላሉ።

በበነጋው ልክ ቀትር ላይ፣ ሰልፉ እንደ ተሠለፈ፣ ትኩስ ድስት ከእንጀራ ጋር ይዛ መጣች። በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ሽታው የሚጠራ። ከጓድ አስናቀ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እጅ ነሣች።

«ትናንት አስቀይሜዎታለሁ ጓድ ሊቀመንበር። ምሳ ይዤልዎ መጣሁ። ከዚሁ ከሱቁ ሽሮ ነው።»

ጓድ አስናቀ ሳቀ። ሰው ሁሉ እያየ እንዴት እምቢ ይበል? በላ። ድስቱን ጠርጎ በላና ተነሥቶ መሬቱን በጫማው መታ። «ይኸው! እግሬ አለ አይደለም እንዴ?» ሰልፉ አውካካ።

የሻሽወርቅ ድስቷን አነሣች። «ነገም አመጣለሁ።»

«ለምን? ጠግቤ የለም?»

«ልጄም አንድ ቀን በልቶ አልተሰበረም ጓድ። ዘጠና ቀን ነው የበላው። ለእርስዎ ገና ሰማንያ ዘጠኝ ይቀርዎታል።»

ሳቁ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሲያመነታ የብርጓል ከሰልፉ መሐል ጮኸች፦ «ይብሉ እንጂ ጓድ፣ ሽሮ የጾም ነው፤ መድኃኔ ዓለምም አብዮቱም አይቀየሙዎ!» በላ፤ ግን ድስቱን አልጠረገም። በሦስተኛው ቀን ቤቴ በልቻለሁ አለ። «ምን በሉ? ሽሮ ነው?» አለችው አንዲት አሮጊት፣ በየዋህነት። ጓድ አስናቀ ጎንበስ ብሎ ካርዶቹን ማገላበጥ ያዘ።

በአራተኛው ቀን አንድ ወጣት ታጣቂ የሻሽወርቅን ክንድ ያዘ። እሷ አልተፍጨረጨረችም። «ልጄ፣ ለሊቀመንበር ምሳ ማቅረብ በየትኛው መመሪያ ነው የተከለከለው? አንብብልኝና ልመለስ» አለችው። ታጣቂው ጓድ አስናቀን አየ፤ ጓድ አስናቀ ሰልፉን አየ፤ በእጁ ምልክት አስለቀቃት። ቁጭ ብሎም አንድ ጎረሰ፤ ሁለት ጎረሰ። በሦስተኛው ላይ፣ እሱ ራሱ ሳያውቀው፣ ግራ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ወረደና ጉልበቱን ዳሰሰ።

ሰልፉ ሁሉ አየው። ማንም አልሳቀም።

«ጉልበትዎን ምን ሆኑ ጓድ?» አለች የሻሽወርቅ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ምንም!»

«እንፋሎቱ ይሆን?»

በአምስተኛው ቀን ገና ጨርቁን ስትገልጠው ተነሥቶ ድስቱን በእግሩ መታው። ሽሮው ደረጃው ላይ ፈሰሰ። የሻሽወርቅ ያን ጊዜ ነው ድምጿን የለቀቀችው፤ አምስት ቀን፣ ኧረ ዘጠና ቀን የያዘችውን።

«አንተ! አምስት ቀን ያልቻልኸውን፣ ልጄን ክረምቱን ሙሉ አበላኸው! በኔ እጅ አበላኸው! እኔን እናቱን ገዳዩ አደረግኸኝ! እንፋሎት አይደለም እናንት ሴቶች! ስሙኝ፣ እንፋሎት አይደለም! ልጆቻችንን ከእንፋሎት እያሸሸን እያጎረስናቸው ነው!»

ከዚያ ያቺው ራሷን ነቅንቃ የነበረችው ሴት ገና የገዛችውን ዱቄት ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። «የኔንም ውሰድ» አለች። ሌላዋም አስቀመጠች። «ጥሬውን አሳየን!» አለች የብርጓል። «በዱቄት አንፈልግም፣ ጥሬውን!» ሴቶቹ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ገፉ፤ ታጣቂውም ወደ ጎን ገለል አለ፤ የእሱም እናት ሰልፉ ውስጥ ነበረች። የብርጓል ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግና ሰፌድ ላይ በተነችው። አተር ክብ ነው። ያ እህል ግን ጠርዝ ያለው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል፣ ግራጫ። የቀበሌው አተር በየትኛው በር እንደወጣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠረጥር ግን ሞልቷል።

የሻሽወርቅ ሰልፍ አውካለች ተብላ ሦስት ቀን ታሰረች። ሴቶቹ በየተራ ስንቅ ሲያመጡላት ድስቱን ከፍተው፣ «በዓይናችን ለቅመነዋል፣ ብይ» ይሏት ነበር። ከዚያ ሱቁ ጥሬ እህል ማደል ጀመረ። ሙሉነሽም ግቢ ለግቢ እየዞረች አስተማረች፦ ከዱቄት ጥሬ ይሻላል፣ ሰፌድ አይናቅ፣ ቢቸግራችሁና ጓያ ብቻ ብታገኙ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ የቀቀላችሁበትንም ድፉት፣ ከሌላ እህል ቀላቅሉት እንጂ ብቻውን አታክርሙበት። ጎመን፣ ተልባ፣ የሐይቁ አሳ ከጎኑ ይኑር።

ቢያዝን ባለበት ቆመ። አልዳኸም፤ አልሮጠምም። በምርኩዝ እየሄደ ወደቡ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ጀመር። ጓድ አስናቀ ደግሞ ቅጣቱን አገኘ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ፤ ከዚህኛው የሚሰፋ ቀበሌ ነው አሉ። ይህን የነገሯት ቀን የሻሽወርቅ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። ከምስሩ መሐል አንዲት ጠርዛማ ፍሬ አወጣችና ሩቅ ወረወረቻት፤ «እዚያስ ሰፌድ አላቸው?» አለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ተፈጭቶ፣ ታሽጎ፣ ሥዕል ተለጥፎበት ነው የሚመጣላችሁ፤ ጊዜው ነው፣ አልፈርድባችሁም። ብቻ አንዳንድ ጊዜ ጥሬውን ጠይቁ፤ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደሆነ እወቁት። ሰፌድ ባያችሁም ጊዜ፣ እባካችሁ፣ የሻሽወርቅን አስቡልኝ።