ሳላነብ የፈረምኩት

የሚስቴ ወንድም ነው የሰደበኝ፤ አምና፣ በአክስታቸው ልጅ ሠርግ ላይ። «አማቻችን ብሎኬት እንጂ ፊደል መደርደር አያውቅም» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

ስንፋታ ቃዲው ፊት ያው ሰው አጠገቤ ቆመ። ጸሐፊው ወረቀት ዘርግቶ «ላንብብልህ?» አለኝ። እሱ እየሰማ? «አያስፈልግም» ብዬ ፈረምኩ። መምጣቴን የሚመዘግቡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሸሪዓ ለመዳኘት መስማማቴ ኖሯል።

ቃዲው ቦታው የአባቷ ውርስ ነው ብሎ ቤቱን ለእሷ ወሰነ። በገዛ እጄ የገነባሁትን ቤት! እኩል ያካፍሉኛል ብዬ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄድኩ። ዳኛዋ ፊርማዬን አይታ «ፈቅደህ የተዳኘህበትን እኛ አናየውም» አለችኝ።

በረንዳው ላይ ሚስቴ የነበረችው ቆማ ጠበቀችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ብትጠይቀኝ የፊቱን ክፍል እሰጥህ አልነበር?»

ደረጃውን ወረድኩ።