ከመስኮት የተገኙት ሽማግሌ

ጭሮ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር አቶ ኪሮስን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰፈሩ ሽማግሌ አደረጋቸው። እሳቸው ግን ሥራውን አልወደዱትም፤ የሙሜንና የኢታናን ጉዳይማ ጨርሶ መስማት አይፈልጉም። ልብስ ሰፊው ሙሜ ግድግዳውን ሰብሮ የኢታናን ጓሮ የሚያይ አዲስ መስኮት ከፈተ። ኢታና ደግሞ መስኮቱ ፊት ቆርቆሮ አቆመበት። ሁለቱም በየተራ እየመጡ የአቶ ኪሮስን በር ሲያንኳኩ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባየች "ሂርና ሄዷል" ይላሉ። አቶ ኪሮስ እንዲህ ሆነው፣ ቤታቸው ተቀምጠው ሦስት ወር ሙሉ ሂርና ከረሙ።

በዚህ መሀል የራሳቸው መስኮት ተበላሸ። ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦት አልዘጋ አለ፤ የላይኛው ማጠፊያም ላልቶ መዝጊያው ወደ ታች አዘመመ። ወይዘሮ ባየች አናጢ ይጠራ አሉ።

"ለዚህማ አናጢ አይጠራም" አሉ አቶ ኪሮስ። ስልካቸው ላይ አንድ ሰውዬ ሲሠራ አይተዋል። ያበጠው ጠርዝ በደረቅ የልብስ ሳሙና ይታሻል። የላላው ብሎን ይወጣና ቀዳዳው ውስጥ የክብሪት እንጨት ተሰክቶ ተመልሶ ይጠብቃል። ሰውዬው ሁሉን በአራት ደቂቃ ጨርሶ ፈገግ ብሏል።

ችግሩ ማጠፊያው ያለው በውጭ በኩል መሆኑ ነው። ዞሮ በደጅ መሥራት ይቻል ነበር፤ ደጅ ግን ሙሜና ኢታና አሉ። ሂርና የሄደ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ ሊታይ አይገባም። ስለዚህ ከውስጥ ሆነው እጃቸውን በብረት ፍርግርጉ መሀል አወጡ። ብሎኑ አልታያቸው አለ። ጭንቅላታቸውን አዘንብለው፣ አገጫቸውን አስቀድመው ገፋ ሲያደርጉት፣ ቀደም ብለው ጠርዙን ሲያሹ ሳሙናው ብረቱንም ነክቶት ኖሮ ሹልክ ብሎ ወጣ። ክብሪቱን ሰኩ፤ ብሎኑን አጠበቁ፤ መዝጊያው ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማቸው ቆይቷል። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ሊመልሱ ሲሉ ጆሯቸው ያዘ።

"ባየች" አሉ ቀስ ብለው።

"አቤት።"

"ጆሮዬ ውጭ ቀረ።"

ወይዘሮ ባየች ከጓዳ ብቅ ከማለታቸው በፊት፣ ሙሜ ጨርቅ ተሸክሞ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ጭንቅላቱን አየው።

"አልሐምዱሊላህ፤ ጋሽ ኪሮስ፣ ከሂርና ተመለሱ?"

 "ገና ነኝ" አሉ አቶ ኪሮስ።

ወይዘሮ ባየችም የሙሜን ድምፅ ሲሰሙ እንደለመዱት ከውስጥ "የለም፤ ሂርና ሄዷል" አሉ።

"ጭንቅላታቸው እዚህ ነው እኮ፣ እማማ።"

ወይዘሮ ባየች "ቀሪው አካሉ ነው የሄደው" ብለው መለሱ።

ሙሜ ኢታናን ጠራው። ሁለት በርጩማ አምጥተው ከጭንቅላቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"መጀመሪያ አውጡኝ" አሉ አቶ ኪሮስ።

"መጀመሪያ ይፍረዱን" አለ ኢታና በትሕትና። "ከወጡ ሂርና ይሄዳሉ።"

ሙሜ ክፍሉ ከመጨለሙ የተነሳ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንዳቃተው ተናገረ። ኢታና ሚስቱ በገዛ ጓሮዋ ፀጉሯን መታጠብ እንዳፈረች ተናገረ። አቶ ኪሮስ መሄጃ ስላልነበራቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ሲገባቸው ተናደዱ። ሰው ተሰበሰበ። ከሚኤሶ የመጣች አንዲት ሴትዮ ከሚኒባስ ወርዳ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሽምግልና ነው ሲሏት እሷም የባሏን ጉዳይ ይዛ ተራ ያዘች።

"ሙሜ፣ የምትፈልገው ብርሃን ነው ወይስ የኢታናን ጓሮ ማየት?" አሉ አቶ ኪሮስ።

"ብርሃን ነው።"

"ኢታና፣ አንተስ? ጓሮህ እንዳይታይ ነው ወይስ ሙሜ እንዲጨልምበት?"

 "ሁለቱም ነበር" አለ ኢታና። "የመጀመሪያው ግን ይበቃኛል።"

"እንግዲያው ቆርቆሮው ይነሳ። የመስታወቱ ታችኛው ግማሽ ላይ፣ ከሰው ቁመት እስኪያልፍ ድረስ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍ። ከላይ ብርሃን ይገባል፤ ከታች ዓይን አይወጣም።"

ተስማሙ። ከዚያ ሊያወጧቸው ተነሱ። ኢታና ቤት ገብቶ ወገባቸውን ይዞ ሳበ፤ ሙሜ በውጭ ግንባራቸውን ገፋ። አንገታቸው ረዘመ እንጂ ጭንቅላታቸው አልተነቃነቀም። ጎረቤታቸው ጣሂራ ቆማ ስታይ ቆይታ ጠየቀቻቸው።

"ሲገቡ እንዴት ገቡ?"

"ወደ ጎን አዘንብዬ፣ አገጬን አስቀድሜ።"

"ታዲያ አሁን ለምን ቀጥ ብለው ይወጣሉ?"

ኢታና ሳሙናውን በፍርግርጉ አቀበላት። ጆሯቸውን ሳሙና ቀባቻቸው፤ ጭንቅላታቸውን አዘነበሉ፤ ወጡና ኢታና ላይ ተከመሩ። የሚኤሶዋ ሴትዮ ተራዬ ሳይደርስ እንዴት ይወጣሉ ብላ በውጭ ቅሬታ አሰማች።

"ነገ በበር በኩል ይምጡ" አሏት አቶ ኪሮስ፣ በሩቁ ከፍርግርጉ ወዲህ ሆነው። መጣች፤ አዳመጧት።

በአራተኛው ቀን ኢታና በራቸውን አንኳኳ። ወይዘሮ ባየች አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ኪሮስ ራሳቸው ብቅ አሉ።

"ሙሜ ጋዜጣውን ገልብጦ ለጠፈው" አለ ኢታና። "ከእኔ በኩል ፊደሉ ሁሉ በጭንቅላቱ ቆሟል። ጓሮ ስቀመጥ ማንበብ አልቻልኩም።"

"ሙሜ ምን አለ?"

"ደርቋል አለ።"

አቶ ኪሮስ ለብ ያለ ውኃ በጣሳ፣ ጨርቅና ምላጭ ይዘው ሙሜ ቤት ገቡ። ጋዜጣውን እያራሱ በምላጭ ሲልጡ ሙሜ ከጎናቸው ሆኖ ይረዳቸው ነበር፤ ሙጫውን አብዝቶት ስለነበር እስከ ምሳ ፈጀባቸው። አዲሱ ጋዜጣ ሲለጠፍ ኢታና የስፖርቱ ገጽ ወደ እሱ ይሁን አለ። ሙሜም የስፖርቱን ፈልጎት ስለነበር፣ አቶ ኪሮስ እጃቸውን አደራረቁና በርጩማ ይምጣልኝ አሉ።