ጋሼ አብዱረዛቅ ያስተካከሉት ቀን

እኔ ከዲጃ፣ መቱ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራው፣ ቁጡ ነኝ፤ አገር ያወቀው ነው። ያን እሑድ ግን ቁጣዬን ሳቅ ቀደመው።

ነገሩ የዱንያ ኒካሕ ነው። አባቷ ኢርሻድ ጅዳ የጭነት መኪና መንዳት ከጀመረ ስምንት ዓመቱ። ለወንድምህ ለጋሼ አብዱረዛቅ ውክልና ስጥና እሳቸው ይዳሯት ቢሉት፣ እሺ፣ ግን ልጄን በዓይኔ ሳላይ በድምፅ ብቻ አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። የምሳ ዕረፍቱ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ካለፈ መኪናውን አስነስቶ ለአሥር ቀን በረሃ ይገባል። የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም፤ በገመድ የሚገባው እኔ ሱቅ ነው። እናም ሙሽራው፣ ሼኩ፣ ምስክሮቹ፣ ከሁሩሙ የመጡት አክስቶች ሳይቀሩ አራት ወንበር ባላት ሱቄ ታጨቁ። ዱንያ ሂና በተቀባ እጇ አፏን ሸፍና ትስቃለች፤ ሲጨንቃት መሳቅ ልማዷ ነው።

ኮምፒውተሩ በዚያው ሳምንት ፎርማት ስለተደረገ የቪዲዮ መደወያው ፕሮግራም እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። እዚያው ከኢንተርኔት እየወረደ የሚጫን ነው። ጀመርኩት፤ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ቆመ። ደገምኩት፤ ቆመ። ሰደብኩት፤ ለስድብም ደንታ የለውም።

ኮምፒውተር ጠጋኙን ጎረቤቴን ማሙሽን ጠራሁት። በስመ ሥላሴ ብሎ ማውሱን ያዘ። አንቲቫይረሱን አጠፋ፤ ቦታ ጠቦት ነው ብሎ የኔን የሠርግ ፎቶዎች ወደ ፍላሽ አዛወረ፤ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከፈተ። ያው ነው። አክስቶቹ በኦሮምኛ ዱዓ ያዙ። ስድስት ተኩል አለፈ። ዱንያ ሳቋን አቆመች፤ እኔ የደነገጥኩት ያኔ ነው።

ጋሼ አብዱረዛቅ ብቻ ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ደብዳቤ ላይ የተሳሳተ ቀን ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጠዋት የኒካሑን ወረቀት ሊያስጽፉ መጥተው፣ ቁርሴን በልቼ እስክመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ትቻቸው ሄጄ ነበር።

ማሙሽ ገመዱን ሲጎረጉር እኔ ወረቀቱን ልጨርስ ብዬ ቀኑን ከስክሪኑ ጥግ አየሁ። 14/4/2016። ታኅሣሥ አሥራ አራት፤ ልክ ነው፤ ጻፍኩት። ሰዓቱ ስድስት ከአርባ ይላል፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ እጄ ቀጥ አለ። ዕድሜ ልኩን የፈረንጅ ቀን ሲቆጥር ለኖረ ኮምፒውተር፣ ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ አራት ነው ብሎ የነገረው ማን ነው?

"ጋሼ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ጠዋት ኮምፒውተሩን ነክተውት ነበር?"

"አስተካከልኩት እንጂ። ሰባት ዓመት ቀድሞ ሄዶ 2023 ይላል! ተመልሶ እንዳይሳሳትም አውቶማቲክ የሚለውን አጥፍቼልሻለሁ።"

ማሙሽ ራሱን ያዘ። ፕሮግራሙ የሚወርደው ማዶ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ የሁለቱ ቀን ካልገጠመለት ማንንም አያምንም፤ ለሱ የኛ 2016 ድሮ ያለፈ ዘመን ነው። ልቆጣ አፌን ስከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ። ሼኩ ሳቁ፣ አክስቶቹ ሳቁ፣ ሙሽራው በሳቅ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ማሙሽ እየሳቀ ቀኑን መለሰው፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ማንገራገር ተጫነ።

ኢርሻድ ብቅ ሲል ለሰባት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ልጁን ዓይን ዓይኗን አያት። እኔ የዘገየንበትን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ጋሼ አብዱረዛቅ አንገታቸውን ደፉ። ኢርሻድ የእጅ ሰዓቱን ወደ ካሜራው አስጠጋ። ስድስት ከሃምሳ ሁለት።

"እኔም የአገሬን ሰዓት አልቀየርኩም" አለ። "ሰው ስንት ሰዓት ነው ሲለኝ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አስልቼ ነው የምመልሰው። ዱንያ ከትምህርት ቤት የምትወጣበትን ግን ሳላሰላ ልወቅ ብዬ ነው።"

ከዚያ ውክልናውን ሰጠ፤ ጋሼ አብዱረዛቅም ዳሯት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አልቋል። ጋሼ ወደኔ ዘንበል ብለው፣ አየሽ፣ ልክ ነበርኩ አሉኝ። እኔ ቁጡዋ ከዲጃ አፍንጫዬን በሻርፔ እየጠረግኩ ነበር።