«ውጣ» የማይባልበት ቤት

መጠጥ ቤቱን የከፈቱት የሴትዮዋ አማት ነበሩ። ከሳቸው ለባሏ፣ ከባሏ ደግሞ ለሷ ደረሰ። ሦስቱም እንግዳን «ውጣ» ብለው አያውቁም፤ የመጨረሻው ጠጪ በራሱ ፈቃድ እስኪነሳ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አማቷም ባሏም እንቅልፍ ሳይጠግቡ አለፉ።

ዘንድሮ ጉልበቷ ሲከዳት ዘጋችው። ባንኮኒው ተነሳ፤ ክፍሉም ሳሎኗ ሆነ። የድሮ ደንበኛዋ ግንበኛው ግን ዛሬም ከሥራ ሲወጣ መጥቶ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ተዘግቷል ብዬህ አልነበር?»

«እግሬ ነው ያመጣኝ፣ እትዬ።»

«እግርህ ጆሮ የለውም?»

«አርጅቶ ደንቁሯል።»

ሳቀች፤ ግን ወገቧ ተቆርጧል፣ ዓይኗም እየተከደነ ነው። «ውጣ» የሚለው ቃል እስከ ጉሮሮዋ መጣና ተመልሶ ወረደ።

«በል እኔ ልተኛ ነው» አለችው። «ስትሄድ በሩን ዝጋው።»

«እኔ? ባለቤቱ እኮ አይደለሁም!»

«ባለቤቷማ ደክሟታል።»

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጓዳ ገብታ አልጋዋ ላይ ወደቀች። ግንበኛው ብቻውን ሲያጉረመርም ጥቂት ሰማችው። መቼ እንደወጣ ግን አላወቀችም፤ እንግዳ ተቀምጦ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነበር።